ካሜራው ሲያይ አደረ፤ ቀረጻው ግን የለም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ወደ ዝግጅት ክፍሉ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል የቤትና የንግድ ቦታ መጠበቂያ መሣሪያዎችን የሚመለከቱት ስለበዙ፣ የዚህ እትም አምድ ለእነርሱ ብቻ እንዲሆን ተስማምተናል። እኔ ካሜራ፣ የማስጠንቀቂያ ደወልና የኤሌክትሪክ አጥር በመግጠምና በመጠገን ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ደብዳቤዎቹን ሳነብ አብዛኞቹ በአንድ ነገር ተመሳሰሉብኝ፤ መሣሪያው የተገጠመበትን ጊዜ ሁሉም ጸሐፊዎች ያስታውሳሉ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸበትን ቀን የጠቀሰ ግን አላገኘሁም።

ጥያቄ፦ ገርጂ አካባቢ የምንኖር ቤተሰብ ነን። ከአራት ዓመት በፊት ብዙ ገንዘብ አውጥተን ስድስት ካሜራ አስገጠምን። ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን ላይ ስድስቱም ሁልጊዜ ጥርት ብለው ይታያሉ። ባለፈው ወር ሌሊት አጥር ተዘሎ የሁለት መኪና ስፖኪዮና አንድ ትንሽ ጀነሬተር ተወሰደብን። ጠዋት ቀረጻውን ስንከፍት፣ የመጨረሻው የተቀረጸው ከአምስት ወር በፊት ሆኖ ተገኘ። የገጠመልንን ባለሙያ ብንጠራው «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፤ አለማየታችሁ የራሳችሁ ጥፋት ነው» አለን። ምስሉ እየታየ እንዴት አይቀረጽም? ጥፋቱስ የማን ነው?

መልስ፦ በደረሰባችሁ ጉዳት ከልብ አዝናለሁ። የካሜራዎቹን ምስል ተቀብሎ የሚቀርጸው ሣጥን፣ ዲቪአሩ፣ የሚደርሰውን ምስል ወደ ቴሌቪዥኑ ለማውጣት ሃርድ ዲስክ አያስፈልገውም፤ ዲስኩ የሚያስፈልገው ያንኑ ምስል ጨምቆ ለማስቀመጥ ነው። ስለዚህ ዲስኩ ቢሞት፣ ጭራሹንም ተፈትቶ ቢወጣ፣ ስድስቱ ካሜራዎች እንደ ወትሮው መታየታቸውን ይቀጥላሉ። እንዲህ ያለው ብልሽት ሌባ እስኪመጣ ድረስ ሳይታወቅ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

በዲቪአር ውስጥ ያለ ዲስክ ሌሊትና ቀን ሳያርፍ እየዞረ ይጽፋል። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ እንኳ ቢሆን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ሊጠረጠር ይገባዋል፤ ለቢሮ ኮምፒውተር የተሠራው በርካሽ ተገኝቶ ከተገጠመማ ዕድሜው ከዚያም ያጥራል። በእኛ አገር ደግሞ እየጻፈ ሳለ መብራት ድንገት ይጠፋበታል፣ ሲመለስም ኃይሉ ከፍና ዝቅ እያለ ይመጣበታል። በዚህ ላይ ሙቀቱና አቧራው አለ። ብዙ ቤት ውስጥ ዲቪአሩን የማገኘው ወይ ማቀዝቀዣ ላይ ተጭኖ፣ ወይ ልብስ በታጨቀበት ቁም ሣጥን ውስጥ ተዘግቶበት ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ የቅመማ ቅመም መደብር «መሣሪያው በራሱ እየጠፋ ይበራል» ተብዬ ተጠርቼ ክዳኑን ስፈታ፣ ማራገቢያው በበርበሬ ብናኝ ቀልቶ፣ ብናኙም ከቅባት ጋር ተጋግሮ መዞር አቅቶት አገኘሁት፤ ዲስኩን በእጄ ስነካው ከምጣድ የወረደ ያህል ይፋጅ ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው ላላችሁት ሐሳቤን በግልጽ እነግራችኋለሁ፤ ባለሙያው ሙሉ በሙሉ በእናንተ ላይ መደምደሙ ትክክል አይደለም። አብዛኞቹ ዲቪአሮች ዲስኩ ሲበላሽባቸው እንዲጮኹ ማድረግ ይቻላል። ይህ ጩኸት ግን ሲገጠም ሳይከፈት ይቀራል፣ አለዚያም አንድ ቀን የቤቱን ሰው ስላስቸገረ ይዘጋል። የገጠመ ሰው ጩኸቱን ከፍቶ፣ ምን ማለት እንደሆነ አስረድቶ፣ ቀረጻ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዴት እንደሚታይ የቤቱን ሰው በእጁ አስሞክሮ መውጣት ይኖርበታል። ይህን ካደረገ በኋላ ግን መሣሪያውን በየሳምንቱ የሚያየው ባለቤቱ እንጂ እርሱ አይደለም።

ከእንግዲህ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ቡና እስኪፈላ ባለው ጊዜም ቢሆን፣ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ የትናንትናውን ሌሊት ቀረጻ ከእያንዳንዱ ካሜራ ለጥቂት ደቂቃ አጫውቱ፤ በቀን ጥርት ያለ ካሜራ የሌሊት መብራቱ ሞቶ ወይም ሸረሪት ፊቱ ላይ ድር አድርታበት ሌሊቱን ሙሉ ነጭ ጭጋግ ብቻ ሲቀርጽ ሊያድር ይችላል። ሁለተኛ፣ ከሁሉም በፊት የተቀረጸው ቀን የትኛው እንደሆነ እዩ። ስድስት ካሜራዎች እያንዳንዳቸው በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚጽፉ ከሆነ በቀን 130 ጊጋባይት ያህል ይሞላሉ፤ 1 ቴራባይት ዲስክ ታዲያ የሚይዘው ከአንድ ሳምንት ብዙም ያላለፈ ቀረጻ ነው፣ ከዚያ በኋላ በአሮጌው ላይ ይጽፍበታል። ከበዓል ጉዞ ስትመለሱ ዕቃ መጥፋቱን የምታውቁት በአሥረኛው ቀን ከሆነ፣ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖም ማስረጃው ተደምስሶ ይቆያችኋል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ የሞባይል መሸጫ ሱቅ አለኝ። ሌሊት የሱቄ በር ተሰብሮ ዕቃ ተወሰደ። የአካባቢው ጥበቃ ድምፅ የሰማው 9 ሰዓት ላይ መሆኑን ይናገራል፤ ቀረጻው ላይ ግን 08:00 ይላል። ልዩነቱ የአንድ ሰዓት ስለሆነ ችላ ብዬ ቀረጻውን ለፖሊስ ልስጥ?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ በመጠየቅዎ አመሰግናለሁ፤ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያስተውለው ነገር ነው። ልዩነቱ የአንድ ሰዓት ቢመስልም በእርግጥ የአምስት ሰዓት መሆኑ አይቀርም። ከቻይና የሚመጡ ብዙ መሣሪያዎች ሲከፈቱ የሚቆጥሩት በቤጂንግ ሰዓት ነው፤ የቤጂንግ ሰዓት ከአዲስ አበባ በአምስት ይቀድማል። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በስድስት ይለያል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር 3 ሰዓት ነው፤ በዚያው ቅጽበት ቤጂንግ ከጠዋቱ 8 ሰዓት ይሆናል። ስክሪኑ 8 ሲል እርስዎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያነቡታል፣ ልዩነቱም አንድ ሰዓት ብቻ ይመስልዎታል። መሣሪያው ግን ሌባው የገባው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው እያለ ነው የሚመሰክረው። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ደግሞ ቀኑም ጭምር ወደ ማግስቱ ይዞራል።

አሁን የሚያደርጉትን በጥንቃቄ ያድርጉ። ሰዓቱን ለማስተካከል አይቸኩሉ። በመጀመሪያ የስልክዎን ሰዓት ከዲቪአሩ ስክሪን አጠገብ ይዘው፣ ሁለቱም አንድ ላይ እንዲታዩ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ይህ ልዩነቱ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ከዚያ የሚፈለገውን ቀረጻ በላዩ ሳይጻፍበት ወደ ፍላሽ ገልብጡ፣ ለፖሊስም ከፎቶግራፉ ጋር አያይዛችሁ አስረክቡ። የሰዓት ክልሉን ወደ ኢትዮጵያ፣ ማለትም ወደ ጂኤምቲ+3፣ የምትመልሱት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ካስተካከሉት በኋላ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ሰዓቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ወደ 2000 ዓ.ም. የሚመለስ ከሆነ፣ በውስጡ ያለችው ሳንቲም የምታህል ሲአር2032 የተባለች ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ መቀየሯም ጊዜ አይወስድም። ያለ እርሷ ግን መብራት ከጠፋበት ቀን ወዲህ የተቀረጸው ሁሉ ቀን የሌለው ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ መርካቶ የጨርቃ ጨርቅ መጋዘን አለን። በር ሲከፈት የሚጮህ ደወል ከባትሪ ጋር ከአምስት ዓመት በፊት አስገጥመናል። መብራት እያለ ስንሞክረው በደንብ ይጮሃል። መፈተሻው ይህ በቂ ነው?

መልስ፦ በቂ አይደለም። ሌባ መብራት የሌለበትን ሌሊት ይመርጣል፣ አንዳንዱም ብሬከሩን ራሱ ይዘጋል። ስለዚህ ደወሉ መሞከር ያለበት ከመብራት ተነቅሎ ነው። ጠዋት ሥራ ስትጀምሩ የደወሉን ሶኬት ነቅላችሁ ተዉት፣ እስከ ምሳ ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ በሩን ክፈቱ። ሳይረኑ በሙሉ ድምፁ ከጮኸ ባትሪው ደኅና ነው። ድምፁ ከደከመ ወይም አንድ ጊዜ ጮሆ ዝም ካለ ባትሪው ስም ብቻ ሆኗል።

በእነዚህ ደወሎች ውስጥ የሚገባው የታሸገ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በጥሩ ሁኔታ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ በሙቀት ቦታ ካለ ወይም መብራት ለረጅም ጊዜ እየጠፋ እስከ መጨረሻው ከተሟጠጠ ቀድሞ ይወድቃል። የእናንተ አምስት ዓመት ስለሞላው፣ ፈተናውን ቢያልፍም እንዲቀየር እመክራለሁ። ጎኑ ካበጠ ወይም ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየ ዛሬውኑ ይውጣ። አዲሱን ስታስገቡ የገባበትን ወርና ዓመት በወፍራም ማርከር ጀርባው ላይ ጻፉበት። ሳይረኑ ከውጭ ግድግዳ ላይ ለብቻው የተሰቀለ ከሆነ በውስጡ የራሱ ትንሽ ባትሪ ሊኖረው ይችላል፤ ማንም ስለማያስታውሰው እርሱንም አስፈትሹ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ አጥራችን ክረምት በገባ ቁጥር ሌሊቱን «ጠጭ፣ ጠጭ» ሲል ያድራል፤ ደወሉም ያለ ምክንያት ይጮሃል። እንቅልፍ ስለነሳን ጥበቃችን ማታ ማታ ያጠፋዋል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጥበቃችሁን አትቆጡት፤ በሐሰት የሚጮህ ደወል የትኛውንም ሰው ያሰለቻል። ጥፋቱ ያለው አጥሩ ላይ ነው። የአጥሩ ማሽን በየሰከንዱ ገደማ አንድ ጊዜ፣ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ያለው ግን እጅግ አጭር የሆነ ንዝረት በሽቦው ይልካል፤ የነካው ሰው የሚደነግጠውና የማይሞተው ጊዜው አጭር ስለሆነ ነው። እርጥብ ቅርንጫፍ ሽቦውን ሲነካ፣ ወይም ሽቦውን ከብረቱ የሚለየው ፕላስቲክ ሲሰነጠቅና ውኃ ሲገባበት፣ ያ ኃይል በዚያ ወደ መሬት ይፈሳል። የምትሰሙት ድምፅ የሚፈስበት ቦታ ድምፅ ነው።

ቦታውን ለማግኘት የተሻለው ሰዓት ጨለማ ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ የግቢውን መብራት አጥፍታችሁ፣ ከአጥሩ ራቅ ብላችሁ በዝግታ ዙሩት፤ ሰማያዊ ብልጭታ ከድምፁ ጋር የሚታይበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ጠዋት ማሽኑን አጥፍታችሁ፣ ከሶኬትም ነቅላችሁ፣ ባትሪ ካለውም ባትሪውን ለይታችሁ ቅርንጫፉን ቁረጡ፣ የተሰነጠቀውን ፕላስቲክ ቀይሩ። ዛፉ የጎረቤት ከሆነ በሰኔ መጀመሪያ ቀድማችሁ አነጋግሯቸው፤ ክረምቱ መሐል ላይ ከሚደረግ ጭቅጭቅ ይህ ይሻላል። በበጋ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። መሬቱ ሲደርቅ የተቀበረው የመሬት ብረት ሥራውን በደንብ አይሠራምና አጥሩ ድምፅ ሳያሰማ ይደክማል፤ ስለዚህ ኃይሉ ጥርና የካቲት ላይም በመለኪያ ይታይ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ማሽኑ ሲበላሽ ሽቦውን ከቆጣሪ በቀጥታ ከ220 ቮልት ጋር የሚያገናኙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ያ አጥር አይባልም፤ ኳሱን ለመልቀም የዘለለ የጎረቤት ልጅ የሚሞትበት ወጥመድ ነው። ማሽኑ እስኪጠገን አጥሩ ባዶውን ይደር።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሲኤምሲ ባለው ቤታችን እናቴ ከአንዲት ሠራተኛና ከአንድ ዘበኛ ጋር ትኖራለች። ካሜራዎቹን በስልኬ አያቸዋለሁ፤ ነገር ግን በየሳምንቱ ለሰዓታት ይጠፋሉ። ባለሙያ ሲላክ «ችግር የለውም» ብሎ ይመለሳል። ደግሞስ እኔ የማየውን ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል?

መልስ፦ እናትዎን ከሩቅ ሆኖ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ይገባኛል። ካሜራዎቹ የሚጠፉበትን ሰዓት ለሁለት ሳምንት ይመዝግቡ። መብራት ከጠፋበት ሰዓት ጋር የሚገጥም ከሆነ ኢንተርኔቱን ለሚያከፋፍለው ራውተርና ለዲቪአሩ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆያቸው ዩፒኤስ ያስፈልጋል። በየጊዜው በተመሳሳይ ሰዓት ከሆነ ግን ምክንያቱ ዲቫይደሩ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ራውተሩ የተሰካበት ቦታ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ወይም ካውያ ለመሰካት እየተነቀለ የሚገኝበት ቤት ብዙ ነው። ባለሙያው ሲመጣ ሁሉም ተመልሶ ተሰክቶ ያገኘዋል። ለዘበኛውና ለሠራተኛዋ የራሳቸው ሶኬት እንዲዘጋጅላቸው ያድርጉ፣ የትኛው ገመድ እንደማይነቀልም በአክብሮት ይነገራቸው። የቤቱ ደኅንነት የእነርሱም ደኅንነት ነው፤ ይህን የተረዳ ዘበኛ ካሜራ ሲቆም ከማንም ቀድሞ ይደውልልዎታል።

ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል ወይ ላሉት፣ አዎ፣ ይችላል። መሣሪያው ሲገጠም የነበረው የፋብሪካ የይለፍ ቃል ካልተቀየረ በሩ ክፍት ነው። በፈረንጆች ጥቅምት 21 ቀን 2016 ሚራይ የተባለ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ካሜራዎችን፣ ዲቪአሮችንና ራውተሮችን አንድ ላይ አሰልፎ ዳይን የተባለውን የኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅት አጥቅቶ ነበር፤ በዚያን ቀን ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙ ሰዎች አልከፈት ብለው ዋሉ። ቫይረሱ መሣሪያዎቹን የያዘው ከፋብሪካ የሚመጡ 60 ያህል የታወቁ የተጠቃሚ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን ተራ በተራ እየሞከረ ነበር። ከእነዚያ ካሜራዎች ባለቤቶች አብዛኞቹ ዕቃቸው ለምን እንደዋለ አላወቁም።

ስለዚህ የይለፍ ቃሉን ዛሬ ይቀይሩ፤ የእናትዎ ስልክ ቁጥር ወይም የልደት ዓመት አይሁን። በመተግበሪያው ውስጥ ቤቱን ለማየት ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች ዝርዝር ይክፈቱ። የገጠመው ባለሙያ ስልክ፣ ሥራ የለቀቀ ዘበኛ፣ የተጣላ ዘመድ እዚያ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ፤ የማያስፈልጉትን ያውጡ። አምራቹ የሚያወጣውን የሶፍትዌር ማሻሻያ በዓመት ሁለት ጊዜ ያስገቡ፣ ሲያስገቡም መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት ይሁን፤ ማሻሻያው መሐል ላይ ከተቋረጠ መሣሪያው አልነሣም ሊል ይችላል።

ጥያቄ፦ የምንሠራበት ድርጅት ከአንድ ጥገና ሰጪ ጋር ዓመታዊ ውል ሊፈራረም ነው። ውሉ ውስጥ ምን እንዲገባ እንጠይቅ?

መልስ፦ በዓመት ሁለት ጉብኝት ይኑር፤ አንዱ ግንቦት ላይ ክረምት ሳይገባ፣ ሌላው በመስከረም መጨረሻ። በመጀመሪያው ገመድ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ ኮኔክተሮች ይጠቀለላሉ፤ በሁለተኛው የገባ ውኃና ዝገት ይጸዳል። እያንዳንዱ ጉብኝት የጽሑፍ ሪፖርት ይኑረው። በሪፖርቱ ላይ «ሁሉም ደኅና ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ብቻውን ተቀባይነት እንዳይኖረው፤ የባትሪው ቮልት ስንት እንደሆነ፣ ቀረጻው ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንዳለ፣ ደወሉ ያለ መብራት ለስንት ሰዓት እንደሠራ በቁጥር ይጻፍ።

ከሁለቱ አንዱ ጉብኝት ማታ እንዲሆንም አጥብቃችሁ ጠይቁ፣ ባለሙያውም ከእናንተ አንድ ሰው ጋር ሆኖ ግቢውን ይዙር። አንዳችሁ ስክሪኑን እያያችሁ ሌላው እንደ ሌባ ሊገባ የሚችልባቸውን ቦታዎች ሁሉ ይርገጥ። ካሜራው ሲገጠም ያልነበረ ዛፍ አድጎ፣ ጎረቤት ፎቅ ሠርቶ፣ ማስታወቂያ ተሰቅሎ፣ ያየው የነበረው ቦታ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በፓሪስ የሉቭር ሙዚየም በጠራራ ፀሐይ ሲዘረፍና 88 ሚሊዮን ዩሮ የተገመቱ የዘውድ ጌጣጌጦች በደቂቃዎች ውስጥ ሲወሰዱ፣ በዚያ በኩል ከውጭ የነበረው አንድ ካሜራ ወደ ምዕራብ የዞረ ስለነበር ሌቦቹ የገቡበትን ሰገነት አያይም ነበር፤ ይህን ለአገሪቱ ሴኔት የተናገሩት በወቅቱ የነበሩት የሙዚየሙ ኃላፊ ራሳቸው ናቸው። ያን ያህል ሀብት የሚጠብቅ ተቋም ላይ የደረሰ ነገር እናንተ ላይ እንዳይደርስ፣ ያ የማታ ዙር ከወረቀቱ ሁሉ ይልቅ ይጠቅማችኋል።

ጥያቄ፦ የውጭ በራችን ጓጉንቸር ቁልፍ አልዞር እያለ ያስቸግራል። የምግብ ዘይት ጨመርንበት፤ ለጥቂት ቀን ለቀቀና ከበፊቱ ባሰ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ የምግብ ዘይት ሲቆይ ይረጋል፣ አቧራም ይሰበስባል፤ ቁልፉን የባሰ ያያዘው እርሱ ነው። ዝገት ማስለቀቂያ ነፍታችሁበት፣ ቁልፉን ደጋግማችሁ አስገብታችሁ አውጡ፣ የሚወጣውን ጥቁር እድፍ በጨርቅ ጥረጉ፣ አንድ ቀንም ክፍት አድርጋችሁ አድርቁት። ከዚያ የእርሳስ ጫፍ በቢላ ፍቃችሁ ዱቄቱን በቁልፉ ጥርስ ላይ አድርጋችሁ አስገቡት። የበሩ ማጠፊያ ግን ግራሶ ይፈልጋል፤ ሁለቱን አታምታቱ። በሩ ከማጠፊያው ወርዶ መቀርቀሪያው በግድ ተነሥቶ የሚገባ ከሆነም አስቸጋሪው ጓጉንቸሩ ላይሆን ይችላልና፣ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት በሩን ከፍ አድርጋችሁ ይዛችሁ ቁልፉን አንድ ጊዜ ሞክሩት።